ስለ ትራፊ ነገር

እንግሊዞች ከትልቅ ሥራ ወይም ከትልቅ ድግስ በኋላ የቀረውን፣ አንድ ስም ሊሰጡት የማይመቸውን፣ ከዚህም ከዚያም የተለቃቀመውን ልዩ ልዩ ነገር «ኦድስ ኤንድ ኤንድስ» ይሉታል፤ እኛም በየቤታችን ቅራቅንቦ የምንለው ይህንኑ ነው። የቋንቋ ሊቃውንት እንደሚያስረዱት አነጋገሩ በ18ኛው መቶ ዓመት ዛሬ ያለውን መልክ ከመያዙ በፊት «ኦድ ኤንድስ» ይባል ነበር፤ ይኸውም ከጣቃው ላይ ልብስ ተቈርጦ ከተወሰደ በኋላ ለሌላ ልብስ የማይበቃውን የጨርቅ ጫፍ የሚያመለክት ነው። «ኦድ» የሚለውም ቃል ከጥንት የስካንዲናቪያ ሰዎች ቋንቋ የመጣ ሲሆን፣ ጥንድ የሌለውን ሦስተኛውን ይገልጽ ነበር፤ በዚያም አገር ሁለት ወገኖች ተከራክረው መስማማት ባቃታቸው ጊዜ ነገሩን በድምፁ የሚቈርጠው ሦስተኛ ሰው በዚሁ ቃል ይጠራ ስለ ነበረ፣ ከጥንዱ ተርፎ የቀረው ሰው ዳኛ ሆኖ ይገኝ ነበር። ሼክስፒር ደግሞ በ1597 እ.ኤ.አ. በታተመው «ሪቻርድ ሣልሳዊ» በተባለው ተውኔቱ ውስጥ፣ ያ ክፉ መስፍን የተንኰሉን ዕራቁትነት ከቅዱሳት መጻሕፍት በሰረቀው አሮጌ ቁርጥራጭ እየሸፈነ በሰው ፊት ጻድቅ መስሎ እንደሚታይ ሲናገር፣ በአፉ ያኖረለት ቃል የዚሁ አነጋገር የቅርብ ዘመድ ነው።

ስለ አነጋገሩ ይህን ያህል ከተባለ ይበቃል። ነገሩ ራሱ ግን በሃይማኖትም በፍልስፍናም በኩል ሲመረመር ከቃል ታሪክ የሚያልፍ ጥያቄ ያስነሣል። በአንድ መሶብ ቀርቦ የተበላው እንጀራና ሳይበላ የቀረው እንጀራ ከአንድ ማሳ የታጨዱ፣ በአንድ ወፍጮ የተፈጩ፣ በአንድ ምጣድ የተጋገሩ ሆነው ሳሉ፣ የፊተኛው ማዕድ የኋለኛው ትራፊ የሚባለው፣ በባሕርዩ አንዳች ለውጥ ስላገኘው ሳይሆን፣ በልተው የጠገቡት ሰዎች እጃቸውን ስለ ታጠቡ ነው። እንግዲህ «ተረፈ» ማለት የጠገበ ሰው ፍርድ ነው፤ ፍርድ ከሆነም ዘንድ ይግባኝ የሚባልበት ሌላ ችሎት አለው ወይስ የለውም ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። እግዚአብሔር በፈጠረው ዓለም ውስጥ በእርሱ ዘንድ ትራፊ ሆኖ የሚቈጠር ነገር አለን? ከሌለስ እኛ በየዕለቱ ይህ ይጣል፣ ይህ ይቅር እያልን የምንፈርደው በማን ሥልጣን ነው?

ከፈላስፎች ወገን ይህን ጥያቄ በማያሻማ መንገድ ያነሣው አፍላጦን ይመስለኛል። «ፓርሜኒዴስ» በተባለው ድርሳኑ ውስጥ፣ ገና ወጣት የነበረው ሶቅራጥስ፣ በዓይን ለሚታየው ነገር በልቡና ብቻ የሚታወቅ ዘላለማዊ አርአያ እንዳለው ሲያስረዳ፣ ሽማግሌው ፓርሜኒዴስ ቀስ እያለ ይመረምረዋል። ለጽድቅ፣ ለውበት፣ ለበጎነት አርአያ አላቸውን? ቢለው ያለ ማመንታት አዎን ይላል፤ ለሰው፣ ለእሳት፣ ለውኃስ? ቢለው ይጠራጠራል፤ ለጠጕር፣ ለጭቃና ለእድፍስ? ባለው ጊዜ ግን ወጣቱ ደንግጦ፣ ለእነዚህስ አርአያ አላቸው ማለት እጅግ የማይገባ ነገር ነው ብሎ ይመልሳል፤ ነገሩ አንዳንድ ጊዜ እንደሚያስጨንቀውና ወደ ከንቱ ነገር ጕድጓድ እንዳይወድቅ ፈርቶ እንደሚሸሽም ይናዘዛል። ሽማግሌው ሶቅራጥስ ገና ልጅ ስለ ሆነ የሰውን አስተያየት እንደሚፈራ፣ ፍልስፍና አጥብቃ በያዘችው ቀን ግን ከእነዚህ ነገሮች አንዱንም እንደማይንቅ ይነግረዋል። በዚያ ሁሉ ረቂቅ ክርክር ውስጥ ይህች አጭር ተግሣጽ ከሌላው ሁሉ ትበልጥብኛለች፤ ምክንያቱም ጭቃን ከጽድቅ ይለይ ዘንድ ወጣቱን ያስቸኰለው ምርምር ሳይሆን ይሉኝታ መሆኑን ሽማግሌው አይቶበታል።

ፈላስፋው ግን አትናቅ ብሎ ከመምከር አላለፈም፤ ባለ እርሻው የተረፈውን ምን ያድርገው? የሚለውን የወሰነው ኦሪት ነው። በኦሪት ዘሌዋውያን እግዚአብሔር ለእስራኤል ባዘዘው ሕግ፣ አጫጁ የእርሻውን ዳር ፈጽሞ አያጭድም፤ የወደቀውን ዛላ ተመልሶ አይለቅምም፤ ከወይኑም የረገፈውን ፍሬ አይሰበስብም፤ ይህ ሁሉ ለድኻና ለመጻተኛ ይተዋል። ኦሪት ዘዳግም ደግሞ በእርሻ ላይ የተረሳውን ነዶ ይጨምርበታል፤ ባለቤቱ ረስቶት ወደ ቤቱ ከገባ በኋላ ትዝ ቢለው ሊወስደው ሊመለስ አልተፈቀደለትም። እዚህ ላይ ልብ ማለት የሚያሻው፣ ሕጉ ባለጸጋውን ምጽዋት ስጥ ያላለው መሆኑን ነው። የወደቀው ዛላ መሬት በነካበት ቅጽበት ርስቱ ከባለ እርሻው እጅ ወጥቷል፤ እርሱ የሚሰጠው ነገር የለውም፤ ሊያደርግ የሚችለው አለመውሰድ ብቻ ነው።

የአይሁድ ሊቃውንት ይህን ሕግ እንዴት አድርገው እንደ ተከታተሉት በ200 እ.ኤ.አ. ገደማ በተሰበሰበው ሚሽና ውስጥ «ፔአ» የተባለውን ክፍል ያየ ሰው ይደነቃል። የእርሻው ዳር ከ60 እጅ አንድ እጅ ማነስ የለበትም። በአንድ ስፍራ ሁለት ዛላ ቢወድቅ ቃርሚያ ነው፣ የድኻ ነው፤ ሦስት ቢወድቅ ግን የባለቤቱ ነው፤ ይህ የሂሌል ቤት ፍርድ ሲሆን፣ በአብዛኛው ነገር የጠበበ ሕግ ያወጡ የነበሩት የሻማይ ቤት መምህራን ሦስቱንም ለድኻ ሰጥተው ባለቤቱን ከአራት ጀምሮ ያስቈጥሩታል። ባለ እርሻው አንዱን ድኻ አስገብቶ ሌላውን ቢከለክል፣ ወይም ከቃራሚዎቹ አንዱን ለይቶ ቢያግዝ፣ የድኾችን ገንዘብ እንደ ዘረፈ ይቈጠራል። በዛላ ቍጥር እስከዚህ ድረስ መከራከር ለአንዳንዱ አንባቢ የማያስፈልግ ጥቃቅንነት ሊመስለው ይችላል፤ ነገር ግን የሰው ስስት የሚታየው በጐተራው ሳይሆን በሁለትና በሦስት ዛላ መካከል ስለ ሆነ፣ ሕግም ወደዚያ መውረዱ ትክክል ነው እላለሁ።

ስለ ተረሳው ነዶ የሚተረክ አንድ ታሪክ «ቶሴፍታ» በተባለው ሌላው መጽሐፋቸው ይገኛል። አንድ ደግ ሰው በእርሻው ላይ ነዶ ረስቶ በተገኘ ጊዜ እጅግ ደስ ብሎት ልጁን ጠርቶ መሥዋዕት እንዲያቀርብለት አዘዘው። ልጁም በሌላው ትእዛዝ ሁሉ ያልተደሰትኸውን ያህል በዚህ የተደሰትኸው ስለ ምንድን ነው? ብሎ ቢጠይቀው፣ ሌላው ትእዛዝ ሁሉ በአሳብ የሚፈጸም ሲሆን ይህ ግን ካልረሳነው በቀር ሊፈጸም የማይቻል ነው ብሎ አስረዳው። ፈቅዶ የተወው ነዶ የተረሳ አይባልምና፣ ሰው ይህን ጽድቅ ሊያቅደው አይችልም። የሥነ ምግባር ፈላስፎች ፈቃድ የሌለበት ሥራ ጽድቅም ኃጢአትም አይባልም ብለው ሲያስተምሩ፣ ይህ ገበሬ በፈቃዱ ላልሠራው ሥራ መሥዋዕት አቀረበ፤ ከአሳባችን አምልጦ የወደቀውን ሌላ አንሥቶ የሚጠቀምበት መሆኑን በማመን ነው።

ሩት ሞዓባዊት በቦዔዝ እርሻ የቃረመችው በዚህ ሕግ መብት ነው። ቦዔዝ ግን ከሕጉ አልፎ አጫጆቹን ከነዶው ሆን ብለው እንዲጥሉላት አዘዛቸው፤ ይህም ጌትነት በተሞላበት ዘዴ የተደረገ ስጦታ ነው፤ ሴቲቱ ልመና ሳታውቅ፣ ሳታመሰግንም፣ እንደ ሥራዋ ዋጋ አድርጋ ታነሣዋለችና። ከዚያ ታሪክ ውስጥ ብዙ ሰባክያን የሚያልፏት አንዲት ነገር አለች። በምሳ ጊዜ ከአጫጆቹ ጋር ተቀምጣ የተጠበሰ እሸት በልታ ጠገበችና፣ አተረፈች፤ ማታም አንድ የኢፍ መስፈሪያ ያህል ገብስ ተሸክማ ወደ አማቷ ወደ ኑኃሚን ስትመለስ፣ ያችን የምሳዋን ትራፊ አውጥታ ሰጠቻት። በትራፊ የምትኖረው ድኻ ራሷ ትራፊ ነበራት፤ እርሱንም የምትሰጠው ሌላ ድኻ ነበረች። ወንጌላዊው ማቴዎስ የጌታችንን የትውልድ ሐረግ ሲቈጥር ይህችን ቃራሚ ሴት በስሟ ጠርቶ ያልፋል።

እስከዚህ ድረስ የተባለውን ብቻ የሰማ ሰው መጽሐፍ ቅዱስ ትራፊን ሁሉ እንድናከማች የሚያዝዝ ሊመስለው ይችላል፤ ነገሩ ግን ከዚህ ይከብዳል፤ ፍጹም ተቃራኒ የሚመስል ትእዛዝም አለና። የፋሲካው በግ ሥጋ እስከ ጧት ቢተርፍ በእሳት ይቃጠላል እንጂ አይበላም። የደኅንነት መሥዋዕትም ለሦስተኛው ቀን ቢያድር እንዲሁ። በምድረ በዳ መና በወረደ ጊዜ ሙሴ ማንም ለነገ እንዳያስቀር ቢያዝዝ፣ አንዳንዶቹ ለክፉ ቀን ይሆነናል ብለው አሳደሩት፤ ተልቶም ሸተተ። በቤተ ክርስቲያናችንም ሥርዓት የተቀደሰው ሥጋውና ደሙ ለማግሥቱ አይቀመጥም፤ ቆራብያኑ ከተቀበሉ በኋላ የቀረው በካህናቱና በዲያቆናቱ እዚያው ይፈጸማል፤ ጻሕሉና ጽዋው የታጠበበት ውኃ እንኳ ይጠጣል እንጂ አይደፋም። በአንጻሩ ደግሞ ጌታችን አምስቱን እንጀራ ለአምስት ሺህ ሰው ካበላ በኋላ፣ ዮሐንስ ብቻ እንደ ጻፈልን፣ አንዳች እንዳይጠፋ ፍርፋሪውን እንዲሰበስቡ ደቀ መዛሙርቱን አዘዛቸው፤ 12 መሶብም ሞላ። ከጥቂት እንጀራ ብዙ ሊያደርግ የሚችል አምላክ ስለ ፍርፋሪ የሚጨነቅበት ምክንያት ምንድን ነው? ነገም ቢሻ ሌላ ይፈጥር የለምን?

እነዚህን ሁለት ትእዛዛት ለማስታረቅ መናው ራሱ ይረዳናል። ያው መና ለሦስት ዓይነት ሰው ሦስት ዓይነት ሆነ፤ በስስት ላሳደረው ሰው ተላ፤ በስድስተኛው ቀን በትእዛዝ ለሰንበት ላሳደረው ሰው አልሸተተም፤ በወርቅ መሶብ ተደርጎ በእግዚአብሔር ፊት እንዲቀመጥ የታዘዘው አንድ ጎሞር ደግሞ ለልጅ ልጅ መታሰቢያ ሆነ፤ ቤተ ክርስቲያናችንም እመቤታችንን በዚያው በመሶበ ወርቅ ትመስላታለች። መናው ያው መና፣ ሌሊቱም ያው ሌሊት ነው፤ የተለየው ያስቀመጠው ሰው ለማን እንዳስቀመጠው ነው። ለራሱ ብሎ፣ ነገ የሚሰጥ አምላክ የለም ብሎ የቀበረው ይበሰብሳል። ሰጪው ለሌላ ጊዜና ለሌላ ሰው እንዲደርስ ያዘዘው ይቈያል። የእናቶቻችን እርሾ ለዚህ ነገር ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ሊጥ ኾምጥጦ ሲያበቃ ከላዩ የሚቀዳው ያ ቢጫ ውኃ ለዛሬው እንጀራ ትርፍ ነው፤ ነገር ግን ለነገው ሊጥ እናት ስለ ሆነ፣ የደፋች ሴት ከጎረቤት ለመበደር ትገደዳለች፤ ከሚገባውም በላይ ብታቈየው ይበላሻል።

ይህ ማስታረቂያ ግን አንድ ሌላ ችግር ይከፍታል፤ እኔም ለብዙ ጊዜ የከበደኝ እርሱ ነው። በኦሪት በኩራቱ ለእግዚአብሔር፣ ቃርሚያው ለድኻ ተደርጎ ተከፍሏል። ነቢዩ ሚልክያስ ዕውሩንና አንካሳውን እንስሳ ለመሥዋዕት የሚያቀርቡትን ካህናት ለገዢያችሁ ብታቀርቡለት ይቀበላችኋልን? እያለ ይዘልፋቸዋል፤ ለእግዚአብሔር ትራፊ አይሰጥም ማለት ነው። በማቴዎስ ወንጌል በ25ኛው ምዕራፍ ግን ጌታችን የተራበውንና የታረዘውን ድኻ ራሱ አድርጎ ቈጠረው። እንግዲህ ለድኻ ትራፊውን የሚሰጥ ሰው ለእግዚአብሔር ትራፊ መስጠቱ አይደለምን? በአገራችን ደግሶ፣ ዘመድና ጎረቤት ከበላ፣ አሳላፊዎቹም ከቀመሱ በኋላ፣ ድስቱ ሥር የቀረውን ወጥና የተቈራረጠውን እንጀራ በአንድ ሳፋ ደባልቆ በደጅ ለተቀመጡት ነዳያን ማውጣት የተለመደ ነው። ድርጊቱ ከመድፋት የሚሻል ስለ መሆኑ ክርክር የለኝም፤ ደጋሹ በዚያ ሳፋ ነፍሱን እንዳስታረቀ አድርጎ ሲያስብ ግን አልቀበለውም። ጌታችን በመቅደሱ ሙዳይ ፊት ተቀምጦ ባለጠጎቹ ከትርፋቸው እንደ ጣሉ፣ መበለቲቱ ግን ከጕድለቷ እንደ ጣለች ሲናገር፣ ትርፍ የተባለውን ስጦታ ሚዛን ላይ አውጥቶ አቅሎታል። ከነዌ ባለጠጋ ደጅ የወደቀው አልዓዛርም የተመኘው ፍርፋሪ ብቻ ነበር፤ ያን እንኳ ማግኘቱን ወንጌሉ አይነግረንም።

መፍትሔው፣ በእኔ አስተያየት፣ ወደ ዛላው ሕግ መመለስ ነው። ቃርሚያ ከሳፋው የሚለየው ባለቤቱ ከመብላቱ በፊት የተተወ በመሆኑ ነው፤ የእርሻው ዳር ሳይታጨድ የሚቀረው ጐተራው ከሞላ በኋላ አይደለም፤ ማጭዱ ገና ሲነሣ ነው። ድኻውም የሚያገኘው ሌላ ሰው አፉን የጠረገበትን ሳይሆን ማንም ያልነካውን እሸት ነው። ደጋሹ አስቀድሞ አንድ መሶብ ለይቶ፣ ለዘመዶቹ ከሚያቀርበው ወጥ ጨልፎ ለነዳያን ቢያስቀምጥ ሥራው ከሳፋው ወደ እርሻው ዳር ይሻገራል፤ እንዲህ የሚያደርጉ የሰንበቴ ማኅበራት መኖራቸውንም አውቃለሁ።

ከእህል ወደ መጻሕፍት ብናልፍ፣ ስለ ትራፊ ከሁሉ የሚያስደንቀው ታሪክ የተገኘው በግብፅ፣ በአሮጌዋ ካይሮ በፉስጣጥ በሚገኘው የቤን ዕዝራ ምኵራብ ነው። አይሁድ የእግዚአብሔር ስም የተጻፈበትን ጽሑፍ ማቃጠልም መጣልም ስለማይፈቅዱ፣ ያረጀውን መጽሐፍ ጌኒዛ በተባለ ዕቃ ቤት ያከማቹታል፤ ከዚያም እንደ ሰው ሬሳ ወስደው ይቀብሩታል። የፉስጣጥ ሰዎች ግን እስከ መቅበር ሳይደርሱ፣ በግድግዳው ከፍታ ላይ በነበረው ቀዳዳ በመሰላል እየወጡ፣ ለ900 ዓመት ያህል ወደ ጨለማው ክፍል ሲጥሉ ኖሩ። የጣሉትም ቅዱስ መጽሐፍ ብቻ አልነበረም። በዕብራይስጥ ፊደል የተጻፈ ሁሉ የእግዚአብሔር ስም ሊኖርበት ይችላል በማለት የጋብቻ ውል፣ የጥሎሽ ዝርዝር፣ የፍች ጽሑፍ፣ የነጋዴ ሒሳብ፣ ከገበያ የሚገዛ ዕቃ ማስታወሻ፣ ሕፃን ፊደል የተማረበት ቅጠል ሳይቀር አንድ ላይ ወረደ። ቅራቅንቦ ይሉት ይህ ነው።

በ1896 እ.ኤ.አ. አግነስ ሉዊስና ማርጋሬት ጊብሰን የተባሉ፣ ብዙ ቋንቋ የተማሩ የስኮትላንድ መንታ እኅትማማቾች፣ ወደ ምሥራቅ ሄደው ከገዙት ጽሑፍ ውስጥ አንድ የተበላሸ ቅጠል ለካምብሪጁ መምህር ለሰሎሞን ሼክተር አሳዩት፤ እርሱም የመጽሐፈ ሲራክ የዕብራይስጥ ንባብ መሆኑን ዐወቀ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ወደ ካይሮ ሄዶ፣ በምኵራቡ አለቆች ፈቃድ፣ በዚያ ጨለማ ክፍል ውስጥ አቧራ እየዋጠ ለቀመ፤ ከዚያ የመጣው ዛሬ በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ከ1 መቶ 90 ሺህ የሚበልጥ ቁራጭ ሆኖ ይገኛል። ጎይታይን የተባለው ሊቅ ደግሞ ሌሎች መጽሐፍ አይደለም ብለው የናቁትን የነጋዴዎች ደብዳቤና የገበያ ማስታወሻ ይዞ የሜዲትራንያንን ሕዝቦች ኑሮ በስድስት ክፍል ጻፈ። ከእነዚያ ቁራጮች አንዱ የታላቁ ፈላስፋ የሙሴ ወልደ ማይሞን ወንድም ዳዊት በቀይ ባሕር ዳር ካለችው ከዐይዛብ ወደብ የጻፈው ደብዳቤ ነው፤ በረሓውን በጭንቅ እንዳቋረጠ፣ በገበያው የሚረባ ነገር ስላጣ ወደ ህንድ ለመሻገር እንደ ቈረጠ ለወንድሙ ያስታውቃል። ዳዊት በዚያው ጉዞ በህንድ ውቅያኖስ ሰጠመ፤ ፈላስፋውም ከኀዘን የተነሣ አንድ ዓመት ያህል በአልጋ ላይ ወደቀ። ስለ ዘላለማዊ ነገር የጻፋቸው ጥራዞች በየቤተ መጻሕፍቱ በክብር ሲቀመጡ፣ ይህች ቅጠል በጥራጊ መካከል ተቀምጣ ደረሰችን።

ኢትዮጵያዊ አንባቢ በዚህ ላይ ቆም ብሎ የሚያስበው ነገር አለው። መጽሐፈ ሲራክ አይሁድ ከቀኖናቸው ውጭ የተዉት፣ ከተሐድሶም ወዲህ ፕሮቴስታንቶች ከመጽሐፍ ቅዱስ ተራ ያወጡት ሲሆን፣ በእኛ ዘንድ ግን ከ81ዱ መጻሕፍት አንዱ ሆኖ ሲነበብ ኖሯል። ከዚሁ ጌኒዛ ተገኝቶ ሼክተር በ1910 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የአንድ ማኅበር የሥርዓት መጽሐፍም፣ ዘመናት በኢዮቤልዩና በሱባዔ የተከፈሉበትን መጽሐፍ እንደ ምስክር ይጠቅሳል፤ ይህም መጽሐፈ ኩፋሌ ነው። በኋላም በሙት ባሕር አጠገብ በኩምራን ዋሻዎች የኩፋሌ ዕብራይስጥና የሄኖክ አራማይክ ተበጣጥሰው ሲገኙ፣ ሊቃውንቱ ሙሉውን ንባብ ለማየት የግዕዙን መክፈት ግድ ሆነባቸው፤ ሁለቱም መጻሕፍት በምልዓት የተጠበቁት በግዕዝ ብቻ ነውና። ሌላው ዓለም ትራፊ ነው ብሎ የፈረደበትን አባቶቻችን እንደ ማዕድ ቈጥረው እየገለበጡ፣ እያነበቡ፣ እየተረጐሙ አኖሩት። ይህን ያደረጉት አንድ ቀን ለምርምር ይጠቅማል ብለው አልነበረም፤ ፍርዱ ስላልደረሳቸው ወይም ስላልተቀበሉት ነው።

ቁራጭ ሁሉ ግን በመለቀሙ ብቻ አይከብርም፤ የሼክስፒር ሪቻርድም ለቃሚ ነበር። ከመጽሐፍ አንድ ጥቅስ ቈርጦ፣ ከፊቱና ከኋላው ያለውን ጥሎ፣ ለተንኰሉ ካባ ማድረግን ከእርሱ በፊት ዲያብሎስ ጌታችንን ሲፈትን በመቅደስ ጫፍ ላይ ከመዝሙረ ዳዊት ጠቅሶ አሳይቶታል። ፈረንሳዊው ፓስካል ደግሞ ስለ ክርስትና ሊጽፈው ላሰበው መጽሐፍ አሳቡን በትልልቅ ወረቀት ጽፎ፣ በመቀስ እየቈረጠ፣ በየርእሱ በክር ሰፍቶ ሳይፈጽመው በ1662 እ.ኤ.አ. ዐረፈ፤ ወዳጆቹ በ1670 ያሳተሙት ያን ቁርጥራጭ ነው። መቀሱ በሁለቱም እጅ አለ፤ ክሩ ግን ያለው በፓስካል ዘንድ ብቻ ነው።

በእኛ የትርጓሜ ቤት ክሩ «አንድም» የምትለው ቃል ናት። መምህሩ አንዱን ንባብ ከፈታ በኋላ አንድም ብሎ ሁለተኛውን፣ ዳግመኛም አንድም ብሎ ሦስተኛውን ትርጓሜ ሲያወርድ፣ በውጭ አገር ሥርዓት የተማረ ሰው ከእነዚህ ውስጥ ትክክለኛው የቱ ነው? ሌላውስ ለምን አይጣልም? ይላል። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም፤ የራሳችን ሊቃውንትም ጠይቀውታልና። በጎንደር ዘመን መምህር ኤስድሮስ የቈየውን ትርጓሜ መርምሮ፣ የሚጠበቀውን ጠብቆ፣ የሚቀረውን አስቀርቶ የታች ቤት የተባለውን ሥርዓት ሲያቀና፣ የቀደመው የላይ ቤት ተባለ። ዛሬ በአብዛኛው ጉባኤ ቤት የሚሰማው የታች ቤቱ ነው። ኤስድሮስ ታላቅ ሊቅ ስለ ነበረ ፍርዱን በድፍረት የምነቅፍ አይደለሁም፤ ይሁን እንጂ እርሱ ያስቀረው አንድም ከመምህር አፍ ወደ ደቀ መዝሙር ጆሮ ሲተላለፍ የኖረ እንደ መሆኑ፣ የላይ ቤቱን የሚያውቁ ሽማግሌዎች በሕይወት ሳሉ አንድ ታታሪ የአብነት ተማሪ ወይም አንድ የምርምር ተቋም ቃላቸውን በቃላቸው ቢጽፈው፣ ታች ቤቱን ከፍ ዝቅ ሳያደርግ፣ የትኛው ማዕድ የትኛው ፍርፋሪ እንደ ነበረ ኋላ የሚመጡት አይተው ይፈርዱበት ነበር።